ፓት ሰሚት ለደብረ ብርሃን ልጆች ምን ትጠቅማለች?

የጠባሴዋ ቲቸር

ሰላም ለቤቱ።

ደብረ ብርሃን፣ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ የስፖርት መምህርት ነኝ። ከክፍለ ጊዜዬ ውጪ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሠለጥናለሁ። አበል የለውም። ያዘዘኝም የለም። ልጅ ሆኜ እጫወት ነበር፣ እስካሁን አልወጣልኝም፣ በቃ።

ሜዳችን ሲሚንቶ ነው። አንደኛው ቀለበት ጎብጧል፤ መረብ ካየን ቆይተናል። ኳስ ሁለት አለን፤ አንዱ የነፋነውን ያህል ይተነፍሳል። ልምምድ የምንሠራው ጠዋት ከትምህርት በፊት ነው። ደብረ ብርሃንን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ከኅዳር እስከ ጥር በዚያ ሰዓት ውርጩ ሜዳው ላይ ነጭ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ኳስ ደግሞ ብርድ ሲመታው አይነጥርም። ውስጡ ያለው አየር ይኮማተራል። ማታ ጥሩ አድርገን የነፋነው ኳስ ስቶር አድሮ ጠዋት ሲወጣ እንደ ሊጥ ይተኛል። መፍትሔ ያገኘችው አንዷ ተማሪዬ ናት፤ ኳሱን ቤቷ ወስዳ ብርድ ልብስ ውስጥ ታሳድረዋለች። ሌላው ቢጠፋ ደብረ ብርሃን ላይ ብርድ ልብስ አይጠፋም።

ከልጆቹ ግማሾቹ የከተማ ናቸው። ሌሎቹ ከባሶና ወራና ገጠር ቀበሌዎች መጥተው፣ ሁለት ሦስት ሆነው ቤት ተከራይተው የሚማሩ ናቸው። ቅዳሜ አገር ቤት ሄደው እሁድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ቆሎው ከነሱ ተርፎ ለእኔም ይደርሰኛል።

ወደ ጉዳዬ ልግባ። በቅርቡ አስተዳደሩ ጠራኝና የ12ኛ ክፍል ሴቶች ከቡድኑ ይውጡ አለኝ። ምክንያቱ ማትሪክ ነው። እሺ፣ ፈተናው ከባድ ነው፣ ይገባኛል። ግን የወንዶቹ እግር ኳስ ቡድን ውስጥ ያሉት 12ኛ ክፍሎች ይቀጥላሉ። ለምን ስል "እነሱ ይችሉታል" ተባልኩ። ክርክሩ ከረረና ነገሩ ወደ ወተመህ (የወላጅ፣ ተማሪ፣ መምህር ኅብረት) ሄደ። ወላጆች ባሉበት እንድናገር ተፈቅዶልኛል።

ስለ ፓት ሰሚት ልነግራቸው አስቤ ነበር። አሜሪካ፣ ቴኔሲ ዩኒቨርሲቲ፣ የሴቶች ቅርጫት ኳስ አሠልጣኝ። 38 የውድድር ዘመን አሠልጥና 1,098 ጨዋታ አሸንፋለች። የተሸነፈችው 208 ብቻ ነው። 8 ጊዜ የአገሪቱ የዩኒቨርሲቲዎች ሻምፒዮን ሆናለች። ግን ይህን ይዤ ወላጅ ፊት ብቆም ምን ይሉኛል? "ታዲያ ለእኛ ልጅ ምን አገባት?" ይሉኛል። እውነታቸውን ነው።

ስለዚህ ጥያቄዬ ይኸው። የዚህች ሴት ውርስ በትክክል ምኑ ነው? ከዚያ ውስጥስ እዚህ፣ በእኛ ብርድና በእኛ ኳስ የሚሠራ አለ? የምታውቁ ጻፉልኝ። ዓመቱን በፈረንጅ አድርጉት፣ መቀየሩን እኔ እችላለሁ።

ሮቢቴው

ቲቸር፣ ቡድኑን ይዘሽ ጣርማ በርን ተሻገሪና ወደ ሸዋ ሮቢት ውረጂ። እዚህ ኳሱ በደንብ ይነጥራል፤ የማይነጥሩት ተጫዋቾቹ ናቸው። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ሁሉም ማንጎ ዛፍ ሥር ነው።

ከቀልዱ ውጪ፣ ለምን ቅርጫት ኳስ? ከፍታው አላችሁ፣ አየሩ አላችሁ። የጫጫዋ ጌጤ ዋሚ እዚያው አፍንጫችሁ ሥር አድጋ በ1999 ሴቪል ላይ በ10 ሺህ ሜትር የዓለም ሻምፒዮን ሆነች። ሩጫ ኳስም ቀለበትም አይጠይቅም።

የጠባሴዋ ቲቸር

ሮቢቴው፣ የሚሮጡም አሉን። ሁሉም ልጅ ግን ብቻውን መሮጥ አይወድም። እነዚህ ልጆች ስንቅ የሚካፈሉ ናቸው፤ የሚወዱትም አብሮ የሚሠራ ነገር ነው። በዚያ ላይ አንዷ ከኔ በአንድ ጭንቅላት ትበልጣለች። እሷን ለሩጫ አልሰጥም፣ ተወኝ።

መንዜው ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ ልፋትሽን አከብራለሁ። ግን እንደ ወላጅ ልናገር።

በእኛ አቆጣጠር በ2014 እና በ2015 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከ100 ተፈታኝ አራቱ እንኳ አላለፉም። ይህ የአገር ቁጥር ነው። ልጄ 12ኛ ክፍል ብትሆን እኔም ኳሱን አስቀምጪ እላት ነበር። አስተዳደሩ ላይ አትፍረጂ።

ሁለተኛ፣ ይህቺን ፈረንጅ ምሳሌ ማድረግ አይገባኝም። ከ20 ሺህ ሰው በላይ የሚይዝ አዳራሽ ውስጥ የምትሠራ ሴት ነበረች። ከኋላዋ ሕግ ነበራት። አሜሪካኖቹ በ1972 ታይትል ናይን የሚባል ሕግ አወጡ። ከፌዴራል መንግሥቱ ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት በፆታ ማዳላት አይችልም የሚል ነው። እሷ ሥራ የጀመረችው በ1974 ነው። ሕጉ ባይኖር ፓት ሰሚት የምትባል አሠልጣኝ አንሰማም ነበር። አንቺ እዚያ ወንበር ላይ የሌለ ሕግ ይዘሽ ልትከራከሪ ነው?

የጠባሴዋ ቲቸር

መንዜው፣ የፈተናው ነገር እኔንም ያስፈራኛል። ከቡድኔ አራቱ ዘንድሮ ይፈተናሉ። ግን ልምምዱ ጠዋት ነው፤ የጥናት ሰዓት አልነካም። ፈተናው ለወንዱም ለሴቷም አንድ ነው፤ ታዲያ ስለ ፈተና ከሆነ ወንዶቹስ ለምን አይወጡም? ይህን ማንም አልመለሰልኝም።

ስለ ሕጉ ያልከውን አላውቅም ነበር። የሚያውቅ ይጨምርበት።

የአንኮበሯ መምህርት (ጡረታ)

ልጄ፣ ስለ ብርድ ልብሱ አመሰግናለሁ፤ ብቻዬን አሳቀኝ። እኔ የአንኮበር ልጅ ነኝ። ረጅም ዘመን አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ልጄ ናሽቪል ስለምትኖር እዚያ ከርሜ ነው የተመለስኩት። ቴኔሲ ውስጥ ይህቺን ሴት የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። የቡድኑ ቀለም ብርቱካናማ ነው። ገበያ ላይ ብርቱካናማ ሹራብ የለበሰች አሮጊት አግኝተሽ ስለ ፓት ብትጠይቂያት ጋሪዋን አቁማ ታወራሻለች። እኔም ከነሱ ሰምቼ፣ የልጅ ልጄ እያነበበችልኝ፣ ሳላስበው አዋቂ ሆንኩ።

1,098ቱን ለጊዜው ተይው። ከአባቷ ጀምሪ።

ፓት በ1952 ክላርክስቪል ነው የተወለደችው። ገበሬዎች ናቸው። ሦስት ታላላቅ ወንድሞች አሏት። ላም ታልባለች፣ ድርቆሽ ትሰበስባለች፣ ትምባሆ ማሳ ውስጥ ትሠራለች። ሴት ናት ተብሎ የተቀነሰላት ሥራ የለም። አባትየው ኮስታራ ናቸው፤ ከትምህርት መቅረት የሚባል ነገር አያውቁም። ማታ ሥራ ሲያልቅ ከወንድሞቿ ጋር ድርቆሽ የሚከመርበት ቆጥ ላይ ወጥተው ቅርጫት ኳስ ይጫወታሉ። ሁለተኛ ደረጃ ስትደርስ የአካባቢው ትምህርት ቤት የሴቶች ቡድን የለውም። አባቷ ታዲያ ምን አደረጉ? ቤተሰቡን ነቅለው ሄንሪታ ወደምትባል ትንሽ ቦታ ተዛወሩ። እዚያ ያለው ትምህርት ቤት የሴቶች ቡድን ነበረው። ልጅቷ እንድትጫወት ብለው ነው የሄዱት።

ስብሰባው ላይ ይህን አስቀድሚ። ልጁን ከባሶና ቀበሌ ከተማ ልኮ፣ የቤት ኪራይ ከፍሎ፣ በየሳምንቱ በሶ የሚያስይዝ አባት እዚያ ተቀምጧል። ስለ ቅርጫት ኳስ ላያውቅ ይችላል። ስለ ልጅ ብሎ ከቦታ መነቃነቅ ግን ምን ማለት እንደሆነ ካንቺም ከእኔም በላይ ያውቃል።

አሁን ወደ መንዜው ልምጣ። ወንድሜ፣ ስለ ሕጉ ያልከው ትክክል ነው። ሕጉ ባይኖር በሩ አይከፈትም ነበር። ግን ሕግ ወጣ ማለት በነጋታው ገንዘብ መጣ ማለት አይደለም፤ ይህን እኛ አገር ለሚኖር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ልጅቷ 22 ዓመቷ ነበር። ረዳት ልትሆን ሄዳ ዋናዋ አሠልጣኝ ፈቃድ ስለወጣች ቡድኑ እሷ ላይ ወደቀ። ደመወዟ በወር 250 ዶላር ነው። ማሊያ የምታጥበው እሷ፣ ቫን የምትነዳው እሷ። ከተጫዋቾቿ አንዳንዶቹ በአንድ ዓመት ነው የሚያንሷት። በዚያው ላይ የራሷን ሁለተኛ ዲግሪ ትማራለች፤ ራሷም ገና ተጫዋች ናት፣ ጉልበቷን ተጎድታ እያገገመች። የመጀመሪያ ጨዋታዋን በአንድ ነጥብ ተሸነፈች። በ1976 ሞንትሪያል ላይ የሴቶች ቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ሲገባ ተጫዋች ሆና ብር አገኘች። በ1984 ሎስ አንጀለስ ላይ አሠልጣኝ ሆና ወርቅ። 20 ሺህ ሰው የሚይዘው አዳራሽ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የመጀመሪያ የአገር ሻምፒዮንነት ዋንጫዋን ያገኘችው በ1987 ነው፤ 13ኛ ዓመቷ ላይ ማለት ነው። 12 ዓመት ያለዚያ ዋንጫ! የትኛው አለቃ ይታገሣል?

አሁን እኔን በጣም የገረመኝን ልንገርሽ። ያኔ ቴኔሲ ውስጥ የሁለተኛ ደረጃ ሴቶች የሚጫወቱት በግማሽ ሜዳ ነበር። በአንድ ቡድን ስድስት ልጆች ናቸው። ሦስቱ ከመሐል መስመር በዚህ በኩል ሆነው ይከላከላሉ፣ ሦስቱ በዚያ በኩል ያጠቃሉ። መስመሩን መሻገር ክልክል ነው። ለምን? ሴት ልጅ ሙሉ ሜዳ ብትሮጥ አትችለውም ተብሎ። ወንዶቹ ግን እነሱ እንደ ደንቡ አምስት አምስት ሆነው ሙሉውን ይሮጣሉ። ያንቺ አስተዳደር "እነሱ ይችሉታል" አለ ያልሽውን ሳነብ ቀጥታ የመጣብኝ ይህ ነው።

ምን ይሆናል መሰለሽ? ተከላካይ ሆና ያደገችው ልጅ ኳስ ቀለበት ውስጥ ከታ አታውቅም። አጥቂ የሆነችው መከላከል አታውቅም። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ግማሽ ተጫዋች ናት። ፓት የገዛ ክፍለ ሀገሯ ልጆች እንዲህ ሆነው ሲመጡ ተናደደች። በአደባባይ ተቃወመች። ሌሎችም ተቃወሙ፤ ፍርድ ቤት ድረስ የሄደች ተማሪ አለች። በ1979 ቴኔሲ ደንቡን ቀየረ። ከዚያ በኋላ የዚያ አገር ልጆች ሙሉ ሜዳ ሮጡ። ማንም ልብ ቆሞበት አልሞተም።

ውርስ ካልሽኝ እኔ ከዋንጫው በፊት የማስቀምጠው ይህንን ነው። የእሷን ስም ሰምታ የማታውቅ፣ የመንደር ትምህርት ቤት ውስጥ የምትጫወት ልጅ መስመሩን ተሻገረች።

ከዚያ የትምህርቱ ጉዳይ። መንዜው፣ ይህን ላንተ ነው የምጽፈው። የፓት ተጫዋች ክፍል ውስጥ ከፊተኞቹ ሦስት ረድፎች ወደ ኋላ አትቀመጥም። ከክፍል መቅረት የለም፤ የቀረች አትጫወትም። ኮከብ ትሁን፣ ዋንጫ ይሁን፣ ለውጥ የለውም። በዚያ ሁሉ ዘመን እሷ ጋ ተጫውተው ጊዜያቸውን የጨረሱት ልጆች በሙሉ ተመርቀዋል። በሙሉ ነው የምልህ። ሁሉም ፕሮፌሽናል ተጫዋች አልሆኑም፤ ዲግሪ ግን ሁሉም ይዘዋል። ኳሷ ልጆቹን ክፍል የምታስገባበት ገመድ ነበር። ልጆቹ ኳሱን እንዳያጡ ብለው ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። አንቺ ልጄ፣ ያን ገመድ በእጅሽ ይዘሻል፤ አስተዳደሩ ደግሞ ቁረጪው እያለሽ ነው።

ረዘመብኝ፤ ይቅርታ። ጡረተኛ ሰዓት አያይም።

የድሮ ሯጭ

እትዬ፣ ያሉት ሁሉ ደስ ይላል። አንድ ነገር ግን ዘለሉ። ይህቺ ሴት ኃይለኛ ነበረች። አስተያየቷ ብቻ ሰው ያደርቃል ይባላል። ልጆቹ ማታ ሲጨፍሩ አምሽተዋል ብላ ሜዳው ጥግ ላይ የቆሻሻ በርሜል አስቀምጣ እስኪያስመልሳቸው አስሮጠቻቸው የሚል ታሪክ አንብቤያለሁ።

እኔ ይህን ስሰማ አላደንቅም። ልጅ ሆኜ አንድ አሠልጣኝ ነበረን። የውኃ ጎማ ቆርጦ ነበር የሚይዘው። ዙር ያረፈደ ባቱን ይቀምሳል። ሁላችንም ጥሩ እንሮጥ ነበር፣ ከጎማው ለማምለጥ። እሱ ሲዛወር ከመካከላችን አንድም ሰው ሩጫ አልቀጠለም። የኃይለኛ አሠልጣኝ እጥረት ኖሮብን አያውቅም። ቲቸር ይህን ክፍል ከፓት እንዳትወስጂ።

የአንኮበሯ መምህርት (ጡረታ)

ልክ ብለሃል፣ ልጄ። በርሜሉን እኔም አልወድም። ዛሬ ያንን የሚያደርግ አሠልጣኝ ከሥራው ቢባረር አላዝንለትም።

ግን ሌላም ገጽ አላት። ታሚካ ካቺንግስ የምትባል ተጫዋች ነበረቻት፤ በኋላ በጣም ገናና የሆነች። ስትወለድ ጀምሮ የመስማት ችግር አለባት። ልጆች ስላሾፉባት ማዳመጫ መሣሪያዋን ትንሽ ልጅ ሆና አውጥታ ጣለችው። ዩኒቨርሲቲ እስክትገባ ድረስ ከንፈር እያየች ነው የኖረችው። መሣሪያውን መልሰሽ አድርጊ፣ አትፈሪበት ብላ የገፋፋቻት ፓት ናት። ያቺ ልጅ በኋላ አራት የኦሊምፒክ ወርቅ አገኘች።

ኃይለኝነቷ ልጆቹን ከማወቅ ጋር ነበር። ያንተ አሠልጣኝ ግን ስምህን እንኳ ያውቅ ነበር?

የድሮ ሯጭ

"አንተ ረጅሙ" ነበር የሚለኝ። ገባኝ፣ እትዬ። ቢሆንም በርሜሉ በርሜል ነው።

ዘሞረት

ማንም ያላነሳውን ላንሳ። የመጨረሻዋን።

ፓትን በ2011 ሐኪም አልዛይመር (የመርሳት በሽታ) ነው አላት። ገና ጉልበት ያላት ሴት። መደበቅ ትችል ነበር። እሷ ግን በነሐሴ ወር፣ 59 ዓመቷ ላይ፣ ለሕዝብ ተናገረች። ለልጆቹም ፊት ለፊት ነገረቻቸው። ያንን የውድድር ዘመን አሠለጠነች። ረዳቶቿ ብዙውን ሥራ ተሸከሙላት፤ እሷ ግን ወንበሯ ላይ ነበረች። 27 አሸንፈው 9 ተሸነፉ። ተመልካቹ "ከፓት ጎን ነን" የሚል ቲሸርት ለብሶ ይመጣ ነበር። የኮነቲከቱ አሠልጣኝ ጂኖ ኦሪማ ዋና ባላንጣዋ ነው፤ ተኮራርፈው ቡድኖቻቸው በየዓመቱ መገናኘታቸውን እስከ ማቆም ደርሰው ነበር። እሱ እንኳ በሽታውን ለመዋጋት ላቋቋመችው ድርጅት 10,000 ዶላር ሰጠ። በ2012 ሚያዝያ ላይ ቡድኑን ለረዳቷ ለሆሊ ዋርሊክ አስረከበች። ሆሊ ድሮ ራሷ ያሠለጠነቻት ተጫዋች ናት። በሰኔ 2016፣ በ64 ዓመቷ አረፈች።

ይህ እኔን ለምን እንደነካኝ ልንገራችሁ። አክስቴ እነዋሪ ነው የኖረችው። ገና 60 ሳይሞላት ነው መርሳት የጀመራት። መጀመሪያ ጨው ሁለቴ ትጨምራለች። በኋላ ጎረቤት ስሙ ይጠፋታል። ሸንኮራ ዮሐንስ ወሰድናት፣ ጻድቃኔ ማርያም ወሰድናት፤ ጠበሉ አሳርፏታል፣ ምስክር ነኝ። ሐኪም ቤት ግን አልወሰድናትም። ለምን? ሰው እንዳያውቅ። እድርተኛው ሲመጣ "ተኝታለች" እንል ነበር። ሴትዮዋ ሰው የምትወድ ነበረች። እኛ ነን ከሰው የለየናት።

አገር የሚያውቃት ሴት "ታምሜያለሁ፣ በሽታዬም ይኼ ነው" ስትል የሚሰማ ቤተሰብ አለ። ለእኔ ውርሷ እዚያ ነው። ስብሰባሽ ላይ አይጠቅምሽ ይሆናል፣ ቲቸር። ግን ጠይቀሻልና መለስኩ።

ሮቢቴው

ዘሞረት፣ ነፍስ ይማር። እኛም ቤት እንዲሁ ነበር፤ ብዙ ቤት ነው።

መንዜው ከአዲስ አበባ

እትዬ፣ ስለ 250 ዶላሩና ስለ ማሊያው ማጠብ አላውቅም ነበር። ያንን ወስጃለሁ። ሕጉን ግን አልለቅም፤ እሱ ባይኖር ቀጥሎ የመጣው ሁሉ አይመጣም።

ቲቸር፣ የፊት ወንበሩ ነገር አሳምኖኛል። እኔ ወላጅ ብሆንና አስተማሪዋ ተነስታ "ልጅዎ ከክፍል ከቀረች ኳስ የለም፣ የቀሪ መዝገቡን በየወሩ አሳያችኋለሁ" ብትለኝ ፀጥ እላለሁ። ስለ ፓት ግን ብዙ አታውሪ። ወላጅ ስለ ፈረንጅ ሴት ሰላሳ ደቂቃ አይሰማም። ያባትየውን ቤት መልቀቅ አንድ ደቂቃ፣ የክፍሉን ደንብ ሁለት ደቂቃ፣ ከዚያ የልጆቹን ውጤት አውጪ። ውጤታቸው ጥሩ ነው ግን?

የጠባሴዋ ቲቸር

ውይ፣ እንዲህ ይመጣልኛል ብዬ አልጠበቅኩም። እትዬ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግማሽ ሜዳውን ዛሬ ጠዋት ለልጆቹ ነገርኳቸው። "መስመሩ ላይ ማን ነው የሚቆመው? ዘበኛ አለ?" አለች ረጅሟ። ከዚያ ራሳቸው ሞከሩት፤ ሦስት በዚህ፣ ሦስት በዚያ። አምስት ደቂቃ አልቆዩም፣ አንዷ ኳሱን ይዛ ጥሳ አለፈች።

መንዜው፣ ውጤታቸውን አየሁ። ከአራቱ የ12ኛ ክፍል ልጆች ሦስቱ ከክፍላቸው አማካይ በላይ ናቸው። አንዷ ሒሳብ ላይ ደከም ብላለች፤ እሷን አልደብቅም። መጀመሪያ የማነሳት እሷን ነው። ሌሎቹ ያስጠኗታል፤ ስንቅ የሚካፈል ሰው ሒሳብ ለመካፈል አይቸገርም።

ያሰብኩት ይህ ነው። ልጆቹ ይቆዩ። ከክፍል የቀረች በዚያ ሳምንት ልምምድ የላትም። ክፍል ውስጥ ፊት ይቀመጣሉ። እኔ የቀሪ መዝገቡን በየወሩ ለወተመህ አቀርባለሁ። ወደ ፈተናው ስንቃረብ ልምምዱን በሳምንት አንድ ጠዋት እናደርገዋለን። ይኸው ደንብ ደግሞ የወንዶቹን እግር ኳስ ቡድንም ይመለከታል። ያለበለዚያ እኔም አልቀበልም።

በርሜሉንም ጎማውንም አልወስድም፣ የድሮ ሯጭ። የምጮኸው ግን እጮኻለሁ፤ በዚያ ብርድ ካልጮህኩ እኔም እደርቃለሁ።

ዘሞረት፣ ያንተን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስብሰባው ላይ አላነሳውም። ለእናቴ ግን አነበብኩላት።

መንዜው ከአዲስ አበባ

"የወንዶቹንም ይመለከታል" ስትዪ ነው ጦርነቱ የሚጀመረው። የእግር ኳሱን አሠልጣኝ ከስብሰባው በፊት ለብቻው አግኚው። ሰው ፊት ከሰማው እምቢ ይላል፤ ቡና ላይ ከሰማው የራሱ ሐሳብ ይመስለዋል።

የአንኮበሯ መምህርት (ጡረታ)

ይህን ስሚው፣ የመንዝ ብልሃት ነው። ልጄ፣ የሒሳብ ደካማዋን አስቀድመሽ ማንሳትሽን ወደድኩት። ወላጅ የሚያምነው የሚደበቀውን ያሳየውን ሰው ነው።

ሮቢቴው

ቲቸር፣ ወንድሜ ሐሙስ በሚኒባስ ወደ ደብረ ብርሃን ይወጣል። አንድ ብዙም ያልተነካ የቅርጫት ኳስ አለኝ፣ የልጄ ነው፣ ወደ እግር ኳስ ከድቷል። መናኸሪያ ላይ ተቀበዪው። ከብርድ ልብስ ጋር አልልክም፣ እሱን ከናንተው።

የጠባሴዋ ቲቸር

ሮቢቴው፣ ዘመንህ ይባረክ! ሐሙስ ከ8 ሰዓት በኋላ ክፍል የለኝም፣ መናኸሪያ እገኛለሁ። ካስቸገርኩህ አይቀር፣ የመንፊያ መርፌ ካለህ አብረህ ላክልኝ። ፓምፕ አለን፤ መርፌው ነው የተሰበረብን።